ማኅተማችንን ይዘው ለተሾሙት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለቀድሞው የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ ለአሁኑ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ሹመት ያዳብር! ከንቲባው ሲሾሙዎት ከፈትል ክፍል እስከ ማቅለሚያ እልል ብለናል። አዋጥተን በግ አርደናል፤ ካባም ደርበንልዎታል። ከንቲባው ብልህ ናቸው፤ አንድ ወንበር ሰጥተው አንድ ፋብሪካ ጸጥ አሰኙ።

ስለ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል አላደክምዎትም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይቋቋማል የተባለው የደመወዝ ቦርድ የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የእኔ ጉዳይ ትንሽ ናት። የፋሲካ ዕለት ትርፍ ሰዓት አሠርተውኝ እንደ አዘቦት ቀን ከፈሉኝ። በበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ 2.5 እጥፍ እንደሚከፈለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ መጋዘኑ በር ላይ፣ የጥጥ እስር ላይ ቆመው፣ ጣትዎን እያወዛወዙ።

ማመልከቻዬን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ከበሩ ኋላ ግን በክበባችን ስንሰማው የኖርነው ሳቅዎ ይሰማል። ስብሰባው ሲስቅ እኔ አግዳሚው ላይ ረፈደብኝ። ለምሳ በሩ ተከፈተ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተ የየትኛው ክፍል ነበርክ?» አሉኝ። ጎን ለጎን ማሽን ላይ ቆመን ሠርተናል፤ ግን ሥራ ይበዛብዎታል፣ አልቀየምኩም። ወረቀቱን ተቀበሉኝ። እስክሪብቶዬንም ተቀበሉኝ። ሊመሩልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ገልብጠው፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጻፉ፦ ሁለት ጥብስ፣ አንድ ሽሮ ፈሰስ፣ ቃሪያው ይብዛ። ለተላላኪዋ ሰጧት። እስክሪብቶው ኮትዎ ኪስ ገባ።

«የእኔስ ጉዳይ?» ስል፣ «ከማኅበርህ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ወረቀቴ ከምግብ ቤት ሲመለስ ወጥ ጠብ ብሎበታል። ቢሮዎ እስካሁን ያሳረፈልኝ ማኅተም ይኸው ነው።

ማኅበራችን ሄድኩ። ምክትልዎ የነበረው ሰው መሳቢያውን ከፍቶ አሳየኝ፤ ባዶ። ማኅተሙን ሳያስረክቡ ሄደዋል! እያወቅክ ነው የላክኸኝ? በየወሩ ከደመወዛችን መዋጮ እያስቆረጥን ባቆምንህ ሰዎች ላይ እንዲህ ስትቀልድ ትንሽ አታፍርም?

ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ «አያፍሩም?» ለማለት ነው።

እንግሊዛዊው የትራንስፖርት ሠራተኞች መሪ ፍራንክ ከዝንስ በ1964 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ሚኒስትር ተደርጎ ነበር። መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ልገድብ ሲል በ1966 ሥልጣኑን ጥሎ ወደ ማኅበሩ ተመለሰ። እርስዎ ይመለሱ አልልም፤ ወንበሩም ለስላሳ ነው፣ ጥብሱም ቅርብ ነው። ማኅተሙ ግን የእኛ ነው። በተላላኪዋ ይላኩልን። እስክሪብቶውን መርቄልዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፈትል ክፍል ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለክቡር ከንቲባው፦ ቀጣዩን ሊቀ መንበር ከመሾምዎ በፊት ርክክብ መፈጸሙን ያረጋግጡልን።