የማርሽ ጉልላት በመንዝና በመርሐቤቴ፦ መነሻ ጥናት

መግቢያ

ስለ አገራችን የሕዝብ ማመላለሻ ብዙ ተብሏል። አደጋው፣ ታሪፉ፣ የትርፍ አጫጫኑ ነገር በየስብሰባው ተነሥቶ ወድቋል። በማርሽ ዘንግ አናት ላይ ስለምትቀመጠውና አንድ መዳፍ ስለምትሞላው መጨበጫ ግን አጀንዳ የያዘ ስብሰባ አጥኚው አላጋጠመውም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የተነሣ ነው። ክፍተቱ ሳይሞላ ቢቀርም የሚጎዳ ወገን እንደሌለ አጥኚው ይገነዘባል።

መጨበጫዋ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አናት ላይ እንደሚቀመጠው ሁሉ የማዕረግ ቦታ ስለያዘች፣ ከዚህ በኋላ «ጉልላት» እየተባለች ትጠራለች። ጥናቱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ደህና ጉልላት ይዞ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ለምን ሌላ ይገዛለታል? ሁለተኛ፣ ጌጡ የማን ነው?

የጥናቱ ቦታና ዘዴ

ጥናቱ በሰሜን ሸዋ ሁለት መስመሮችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ፣ በሞላሌ አድርጎ መንዝ መሐል ሜዳ ይገባል። ሁለተኛው በሙከጡሪና በለሚ አልፎ፣ ጀማ ወርዶ፣ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ይወጣል።

የናሙና አመራረጡ ዓላማ ተኮር ነው፤ ዓላማውም መድረስ ነበር። ረዳቱ «የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ የጠራበት መኪና ሁሉ በናሙናው ተካቷል። አንድ ሰው ብቻ የቀረው መኪና ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንደሚጭን ማጥናት ለሌላ ተመራማሪ የተተወ ነው።

ምልከታው የተካሄደው ከጋቢና ነው። መሐል የተቀመጠ ተሳፋሪ ለጥናቱ ቁስ ከማንም ይቀርባል፤ ሹፌሩ አምስተኛ ማርሽ ባስገባ ቁጥርም ግኝቱን በጉልበቱ ያረጋግጣል። በነዚህ ዳገቶች ላይ አምስተኛ የሚገባው አልፎ አልፎ መሆኑ ለአጥኚው ጤና በጅቶታል።

የታሪክ ዳራ

አውቶሞቢል ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ አምጥቶት። ምኒልክ የአንጎለላ ልጅ ስለሆኑ፣ በመኪና ጉዳይ ሰሜን ሸዋ የመጀመሪያውን ቃል የመናገር መብት አላት።

ከዚያ በፊት የሰው ማዕረግ የሚነበበው በበቅሎው ላይ ነበር። ንጉሥ ሲሸልም «በቅሎ ከነሙሉ ዕቃዋ» ይባላል። ዕቃዋ ማለት ኮርቻው፣ እርካቡ፣ ልጓሙ፣ በክር የተጠለፈው ግላስና የሚንጠለጠለው መርገፍ ነው። በቅሎዋ ያለ ግላስም ትሄዳለች፤ ጌትዬው ግን ያለ ግላስ አይሄዱም ነበር።

ዘንድሮ የቅጥቅጥ ጋቢና ከፍቶ የገባ ሰው ያ ሁሉ ዕቃ የት እንደደረሰ ያገኘዋል። መርገፉ በፊት መስታወቱ ዙሪያ ዘርፍ ሆኖ ይወዛወዛል። ግላሱ ቀይ ከፋይ ሆኖ ዳሽቦርዱ ላይ ተነጥፏል። ልጓሙ ማርሽ ሆኗል። ቅጥቅጥ ራሱም በትውልዱ ከበቅሎ ብዙ አይርቅም፤ ከታች የኢሱዙ የጭነት መኪና ነው፣ ከላይ እዚሁ አገር ተቀጥቅጦ የተሠራ አውቶቡስ። አባትሽ ማነው ብትባል «እናቴ ፈረስ ናት» ያለችውን በቅሎ የሚያውቅ ሰው፣ ለቅጥቅጡ ይህን ጥያቄ ባያነሣበት ይመረጣል።

ምደባ

በሁለቱ መስመሮች አራት የጉልላት ዝርያዎች ተለይተዋል።

የመጀመሪያው ነባሩ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን አናቱ ላይ የማርሹ ቅደም ተከተል ተቀርጾበታል። ቁጥሩ በእጅ ላብ ተፍቆ ከጠፋ ሹፌሩ ልምድ አለው ማለት ነው። ፏ ብሎ የሚነበብ ከሆነ ተሳፋሪው ፊት ለፊቱ ያለውን ብረት ጠበቅ አድርጎ ይያዝ።

ሁለተኛው ክሮም ነው። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይገዛል። የቶዮታ ከሆነ ገዢው የዘንጉን ጥርስ ማወቅ አለበት፤ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ጉልላቱን በላስቲክ ጠቅልሎ እንደምንም ያጠብቀዋል፤ ጀማ ቁልቁለት ላይም እጁ ላይ ይቀራል። ክሮም ክብደቱ ጥቅም አለው። አናቱ የከበደ ዘንግ አንዴ ከተገፋ በራሱ ግፊት ማርሹን ለማስገባት ያግዛል። ችግሩ የአየር ንብረት ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ንጋት ላይ ክሮም የሚጨበጠው በጋቢ ጫፍ ነው። በሌላው መስመር ደግሞ ጀማ ወንዝ ሲደረስ በቀትር ፀሐይ ግሎ በጨርቅ ይያዛል። ስለዚህ ክሮም በሁለቱም መስመር እጅ ሳይነካው የሚያገለግል ብቸኛው ጉልላት ነው።

ሦስተኛው ብርጭቆ መሳይ ነው። ውስጡ አረፋ፣ አበባ፣ ሲብስም እውነተኛ ጊንጥ ታሽጎበት ይመጣል። አበባ ያለበት አንድ ጉልላት በመሐል ሜዳው መስመር ላይ የሚከተለውን ቃለ መጠይቅ አስገኝቷል። ጠያቂዋ ጋቢና የተቀመጡ እናት ናቸው፤ አጥኚው የጨመረበት ነገር የለም።

«ልጄ፣ ይቺ አበባ እውነት ናት?»

«ፕላስቲክ ናት፣ እማማ።»

«አትሸትም?»

«አትሸትም።»

«ታዲያ ምን ታደርግልሃለች?»

«ማርሽ አስገባባታለሁ።»

«ያለ አበባው አይገባም ነበር?»

ሹፌሩ ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ሁለተኛ አስገባ። አጥኚው በመጀመሪያ ጥያቄው ላይ ከዚህ የተሻለ መጠይቅ ማዘጋጀት አልቻለም።

አራተኛው ለባሹ ነው። ይህ ዝርያ የመንዝ የራሱ አስተዋጽኦ ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ከጥንት ጀምሮ ባናና ዝተት ሲሠራበት ኖሯል፤ የተረፈው ክር ጉልላቱ ላይ ቆብ ሆኖ ይጠለቃል፣ ቆዳው አጎዛ ሆኖ የሹፌሩን ወንበር ያለብሳል። በሌላው ዓለም የመኪና ወንበር በበግ ቆዳ ማልበስ የቅንጦት ነገር ነው። እዚህ ግን በጉ ከመኪናው ቀድሞ የነበረ ሲሆን፣ ብርዱ ደግሞ ከበጉም ይቀድማል። ከአራቱ ሁሉ የረባ ሥራ የሚሠራው ጉልላት ይህ ብቻ ነው፤ በዚሁም ምክንያት በሹፌሮች ዘንድ ብዙም አይከበርም።

ተጓዳኝ ጌጦች

እንጨት መሳይ ልጣፍ የሬዲዮኑን ዙሪያና የበሩን እጀታ ይሸፍናል። እንጨት አይደለም፤ የእንጨት ፎቶግራፍ ነው። በዚያው ጋቢና ወለል ላይ የተጋደመው የተሳፋሪው ዱላ ግን ወይራ ነው፣ ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። በጉዞው ሁሉ ልጣፉ በየጊዜው በጨርቅ ሲወለወል ታይቷል፤ ዱላው ተረግጦ ነው የደረሰው።

ወንበሩ ከፋብሪካ ለብሶት የመጣው ላስቲክ አይነሣም። ላስቲኩ ወንበሩን ከአቧራ ይጠብቃል፤ ላስቲኩን ለመጠበቅ ደግሞ ጨርቅ ይለብስለታል፤ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ፎጣ ይነጠፍበታል። ተሳፋሪው በወንበሩ ላይ ሳይሆን በወንበሩ ጥበቃ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል።

የኋላ ማሳያው መስታወት መቁጠሪያ፣ አሮጌ ሲዲና የሽቶ ካርቶን ተሸክሟል። ኋላውን ባያሳይም ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ፊትም ስለማይታይ ሚዛኑ ይጠበቃል። መንግሥትም ከመኪናው ጌጥ ድርሻ አለው፤ የዓመት ምርመራ ላለፈ መኪና ቦሎ ይለጠፍለታል። ከጌጦች ሁሉ ለማግኘት የሚያለፋው እሱ ነው።

ዋናው ግኝት

ሁለተኛው ጥያቄ ጌጡ የማን ነው የሚል ነበር። መልሱ የተገኘው በማስወገድ ዘዴ ነው።

መኪናው የባለንብረቱ ነው፤ እሱም ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ማታ ማታ ስለ ሒሳብ ይደውላል። ታሪፉ የትራንስፖርት ቢሮ ነው። ፍጥነቱ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ወረፋው የተራ አስከባሪው፣ የትርፍ ሰው ገንዘብ በከፊል የረዳቱ ነው። ዘፈኑን ተሳፋሪው ያስቀይራል። ጣርማ በር ላይ ነፍስም የፈጣሪ ትሆናለች። ይህ ሁሉ ሲቀናነስ ለሹፌሩ የሚተርፈው አንድ መዳፍ የምትሞላ ነገር ናት። ገንዘቡን አውጥቶ የገዛት፣ ጥርሷን ለክቶ የገጠማት፣ ቀኑን ሙሉ እጁን የጫነባት እሱ ነው።

ማስረጃው ሹፌርና ባለንብረት ሲለያዩ ይታያል። ሹፌሩ ቁልፉን ያስረክባል፣ ሒሳቡን ይዘጋል፣ ከዚያ ጉልላቱን ፈትቶ ኪሱ ይከታል። ከወንበሩ ሥር አቧራ የጠጣውን የፋብሪካውን ጥቁር ፕላስቲክ አውጥቶ ቦታው ይመልሳል። ባለንብረቱ ጎማውን፣ መለዋወጫ ጎማውን፣ ክሪኩን ይቆጥራል፤ ጉልላቱን አይጠይቅም። ይህም በሕግ ያልተጻፈ፣ በሁለቱም ወገን የጸና የንብረት ክፍፍል ነው።

ሥጋትና ምክረ ሐሳብ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ እሱም ደረጃ በደረጃ የሚቀየር ማርሽ የለውም፣ በአንዲት ትንሽ ማዞሪያ ወይም ቁልፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል። እገዳው ወደ መሐል ሜዳው ቅጥቅጥ እስኪደርስ ጊዜ ቢኖርም፣ ጉልላት የሌለው መኪና ለሹፌሩ ምን እንደሚተውለት ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ስለዚህ ጥናቱ ሦስት ምክሮችን ያቀርባል። ሶማሌ ተራ ያሉ ነጋዴዎች ከጉልላቱ ጋር የጥርሱን ልክ ይንገሩ። ባለንብረቶች ሹፌር ሲቀጥሩ ደሞዙን ብቻ ሳይሆን ይዞት የመጣውን ጉልላትም ይመልከቱ፤ የራሱን ይዞ የመጣ ሹፌር ሥራውን ሊቆይበት አስቧል። ጋቢና የሚቀመጡ ተሳፋሪዎችም መኪናው ሲንገጫገጭ ያገኙትን ሁሉ ይያዙ፣ በሩንም ብረቱንም ረዳቱንም፤ ጉልላቱን ግን አይንኩበት፣ ሹፌሩ የራሴ የሚለው እሱን ብቻ ነው።