የጓሮ ዱባ ምደባና በልጣጩ ላይ የሚገኙ ጽሑፎች፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ብሂል የዕፅዋት ሊቃውንት ቢሰሙት በሙሉ ድምፅ ያጸድቁት ነበር። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ዱባ ግን ከአሜሪካ አህጉር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የእህቴ ግቢ ግን ይህን መጤነቱን የሚያነሳበት የለም። ከበቆሎው ጋር ይዘራል፣ ክረምቱን ሙሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ይንሰራፋል፤ መስከረም 26 መጸው ሲገባ ደግሞ በቤቱ ከእሱ ሌላ ወሬ አይኖርም።

ዱባ በአቀማመጡ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በቆሎ ሥር የተጋደመው ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም። ሁለተኛው አጥር ላይ የወጣው ሲሆን፣ ሐረጉ ከእኛ ፍሬው ከጎረቤት ስለሚሆን ጉዳዩ የሽማግሌዎች እንጂ የተመራማሪ አይደለም። ሦስተኛው አመድና ፍግ ከሚደፋበት ማንም ሳይዘራው የበቀለው ነው፤ በየዓመቱም ከሁሉ የሚገዝፈው እሱ ነው። የተኮተኮቱትና የታረመላቸው ዱባዎች ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አይታወቅም። እህቴ ምን እንደሚሰማት ግን ይታወቃል፤ ትናገራለች።

ስለ ጾታ አጭር ማስታወሻ ማስፈር ይገባል። ቀድመው የሚያብቡት ወንዴ አበቦች ናቸው፤ ቀጭን ዘንግ ላይ ቆመው ጠዋት ይደምቃሉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠወልጋሉ። የእህቴ አማት ይህን አይተው «ዘንድሮስ መክኗል» ይላሉ። ሴቴዋ ዘግየት ብላ፣ ገና ሳትፈነዳ ከሥሯ ድቡልቡል ያለች ዱባ ይዛ ብቅ ትላለች። አማትየው ስለ ትንቢታቸው መክሸፍ ማብራሪያ ሰጥተው አያውቁም፤ የሚጠይቃቸውም የለም።

ለዕውቀት ትልቅ ፋይዳ ያለው ግን ከሦስቱም ምድብ ሊገኝ የሚችለው ባለ ጽሑፍ ዱባ ነው። የእህቴ ልጆች ፍሬው ለጋ ሳለ፣ ልጣጩ በጥፍር በሚጫርበት ዕድሜው፣ የግራር እሾህ ይዘው ይጽፉበታል። ጭረቱ መጀመሪያ ጠብ ጠብ የሚል ፈሳሽ ያወጣል። ቁስሉ ሲሽር ከልጣጩ ከፍ ያለ፣ ግራጫ፣ ሲዳብሱት የሚሻክር ፊደል ሆኖ ይቀራል። ዱባው በገዘፈ ቁጥር ጽሑፉም አብሮት ይገዝፋል። ይህን ብራና አይችልም።

የጥናቱ ዋና ናሙና ከአመዱ ሥር የተገኘው ነው። በሆዱ ላይ «የኔ ነው» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ፊደል ገና የቆጠረው የትንሹ ልጅ እጅ እንደሆነ «ነ» ወደ ግራ ከመዞሯ ያስታውቃል። ከሥሩ በተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት «አይደለም» ተብሏል። ይህ የእህቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ናት፣ አራት ነጥብም አኑራለች። ወደ እንብርቱ ዝቅ ብሎ «ማን አለ» የሚል ሦስተኛ መስመር አለ፤ የማን እንደሆነ ምሁራን አልተስማሙም። ምሁራን የምለው እኔንና የልጆቹን አባት ነው።

በዚህ መስክ ትልቁ ክርክር የቀዳሚነት ነው። ትንሹ «ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ማስረጃው የፊደሎቹ መንቦርቀቅ ነው። በመርህ ደረጃ ልክ ነው፦ ዱባው ትንሽ ሳለ የተጻፈ አብሮ ስለሚለጠጥ፣ ሰፊው ፊደል ጥንታዊው ነው። እህቱ ግን ይህን ሕግ ቀድማ ደርሳበት ኖሮ በሌላ ዱባ ላይ ዘግይታ፣ ከመነሻው በትልልቁ ጽፋለች። እንዲህ ያለውን አስመስሎ መሥራት የሚያጋልጠው የጠባሳው ልስላሴ ነው፤ አዲስ ቁስል ገና አረንጓዴ ነው። ይህን ለፍርድ ባቀርብ አባታቸው «አንተ ሥራ የለህም?» አለኝ።

አማትየው ፊደል አልቆጠሩም። በዱባቸው ላይ የሚያኖሩት መስቀል ብቻ ነው፤ ከተጻፉት ሁሉ የሚፈራውም እሱ ነው። መስቀል ያለበትን ዱባ በቢላዋ መሰንጠቅ የደፈረ ስለሌለ፣ የእሳቸው ድርሻ አልጋ ሥር ተደርድሮ እስከ በጋ ይቆያል። ዘንጉ ካልተነጠለና ቦታው ደረቅ ከሆነ ዱባ ለወራት ስለማይበላሽ፣ ሥርዓቱ ከእምነትም ከጎተራ አያያዝም አንጻር እንከን የለሽ ነው።

የጓሮው ዘመን የሚዘጋው በኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን ነው። ልማዱን ብዙዎች ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ያያይዙታል፤ ለእህቴ ግን የደረቀውን ሐረግ፣ አገዳና ጥራጊ ከምራ የምታቃጥልበት ቀን ነው። ጭሱ ሳይጠፋ ያንን ዋና ናሙና አንስታ፣ ከነክርክሩ፣ በ«የ» እና በ«ኔ» መካከል ለሁለት ከፈለችው።

«እማዬ፣ የኔ ነው ይላል እኮ!» አለ ትንሹ።

«የሚለው ልጣጩ ነው» አለች። «እኛ የምንበላው ውስጡን።»

ፍሬውን አጥባ ለቆሎ በሰፌድ አሰጣችው። ከጽሑፉ ለምርመራ የተረፈው «አይደለም» ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ዶሮዎቹ ጀምረውታል።

ከዚህ በኋላ የቅል ምደባ ሊከተል ነበር፤ ሠንጠረዡም ተሰምሯል። ነገር ግን ትንሹ ልጅ አሁን እሾህ ይዞ ወደ ጎመኑ መደብ ሲሄድ ስላየሁት፣ ጥናቱን እዚህ ላይ አቋርጬ እሱን ላስጥለው ወጥቻለሁ።