ኤልኢዲዋ ትቆይ፤ አሸዋውን እወቅ

ለጀማሪ የሚሰጠውን መልስ ከመስማቴ ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። «አርዱዊኖ ገዛሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይላል ልጁ። ሊቁ ፊታቸው ይጨፈገጋል። «እሱ የልጆች መጫወቻ ነው። መጀመሪያ አሴምብሊ ተማር፤ ዳታሺቱን ከዳር እስከ ዳር አንብብ፤ ሬጅስተር በእጅህ ጻፍ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

እንዴት ያለ ድንቅ ምክር ነው! አርዱዊኖ እኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ ኢቭሪያ ከተማ ለዲዛይን ተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ቦርድ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ሰው ፒንሞድ፣ ዲጂታልራይት፣ ዲሌይ ብሎ ኤልኢዲ እንዲያበራ! እንዲህ በቀላሉ ከተቻለማ ማን ሊቅ ይባላል?

ቅር የሚለኝ ሊቁ አሴምብሊ ላይ መቆማቸው ብቻ ነው። ከታች ይጀመር ካልን እስከ ታች እንውረድ እንጂ! ከሬጅስተሩ ሥር ትራንዚስተር አለ፤ ከትራንዚስተሩ ሥር ሲሊከን፤ ከሲሊከኑ ሥር አሸዋ። እናም ልጁ ነገ በጠዋት አካፋና ማዳበሪያ ይዞ ወደ ላንጋኖ ይውረድ። አሸዋውን ነፍቶ ኳርትዝ ይልቀም፤ ሲሊከኑን 99.9999999 በመቶ እስኪጠራ ያጥራ። ከዚያ በእናቱ የከሰል ምድጃ ላይ 1,414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሶ ያቅልጠው። እናቱ «ቡናውን የት ላፍላ?» ካሉ «እማዬ፣ ገና መሠረቱን እየያዝኩ ነው» ይበላቸው። ከቅላጩ ውስጥ ፖላንዳዊው ቾክራልስኪ እ.ኤ.አ. በ1916 ባገኘው ዘዴ አንዲት ክሪስታል ቀስ እያለ ይሳብ፤ መቸኮል የጀማሪ ነው። ሸብቶ፣ የልጅ ልጆቹ ከበውት፣ በስንት መከራ የደረሰባትን ኤልኢዲ ሊሰካ ሲል መብራት ይጠፋል።

ሁሉም ከአሸዋ ሲጀምር ቦርድ ሻጮችም ሱቃቸውን ይዘጋሉ፤ ይዝጉ።

ኧረ በቃ! ልጁ የጠየቀው አንዲት ኤልኢዲ ነው። ረጅሟን እግር በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ፒን 13፣ አጭሯን ወደ ግራውንድ በሉና አሳዩት። ወደ ዳታሺቱ ራሱ ይመጣል። ኤልኢዲዋን በዲሌይ እያበራ እያጠፋ በተን ልጨምር ሲል፣ ቢጫን ቢጫን ቺፑ አይሰማውም፤ ዲሌዩ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃላ! ያኔ ታይመር ምንድን ነው፣ ኢንተራፕት ምንድን ነው ብሎ ይመጣል። ከ600 በላይ ከሆነው የዳታሺቱ ገጽ ውስጥም የቸገረውን ምዕራፍ ብቻ ይከፍታል። ፒን 13 ለቺፑ ፒቢ5 መሆኗም፣ ዲዲአርቢ የሚሉት ሬጅስተር ምን እንደሚሠራም የሚገባው ያኔ ነው። ሳይቸግረው ያነበበውማ በማግስቱ ይጠፋዋል።

ሊቃችንስ? ቢሯቸው ጎራ ብላችሁ እዩአቸው። የኤስቲኤም32 ቺፕ ሥራ ሲጀምሩ ኪዩብኤምኤክስ የተባለውን ፕሮግራም ይከፍታሉ፤ ፒኖቹን በማውዝ አንድ በአንድ ይመርጣሉ፤ «ጄኔሬት ኮድ» የምትለዋን ይጫኑና፣ ሬጅስተሩን ፕሮግራሙ እስኪጽፍላቸው ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ።