ዞሮ ዞሮ ከመኪና፦ በዱሉዝ ሐበሾች የቅዳሜ እግር ጉዞ ላይ የቀረበ ጥናት

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ካለችው ዱሉዝ ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲነዱ ስቶን ማውንቴን ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 514 ሜትር ከፍ ያለ ራሰ በራ ድንጋይ ነው። እግር እግሩን ቸሮኪ የተባለ የ5 ማይል (8 ኪሎ ሜትር) የእግር መንገድ ይዞረዋል። መንገዱ ጥድ ለጥድ ይሄዳል፣ ሐይቅ ዳር ይወጣል፣ በምዕራብ በኩል የድንጋዩን ትከሻ ይሻገራል፤ ከዚያም ተጓዡን ከተነሳበት አምጥቶ ይጥለዋል። ክብደቱ «መካከለኛ» ነው ይባላል። ለማን መካከለኛ እንደሆነ የተብራራ ነገር ስለሌለ ይህ ጥናት አስፈልጓል።

በቅድሚያ ከፍታን እንመርምር። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የተራራው አናት ላይ ወጥቶ ቢቆም ከሰፈሩ 1,800 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። ስለዚህ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን የመጡ እናት ዳገቱን በነጠላና በሸራ ጫማ ወሬ ሳያቋርጡ ይወጡታል። ዓመታቱን መሪ ጨብጦ የፈጀው ልጃቸው ግን በየመቶ እርምጃው ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ ያደርግና «ዕይታው ደስ ሲል!» ይላል። ዕይታ የሚያደንቀው ምንጊዜም ትንፋሽ ያጠረው ወገን መሆኑ ተረጋግጧል።

ተጓዦች በሁለት ዐቢይ ምድብ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዓላማ ጠያቂ ነው፤ ዋና ተጠሪውም እኚሁ እናት ናቸው።

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ መኪናው፣ እማዬ።»

«መኪናው እኮ እዚያው ነው የቆመው።»

ለዚህ ክርክር እስካሁን መልስ የሰጠ ምሁር የለም። በእግር ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ወፍጮ ቤት ይኬዳል፤ ዞሮ መመለስ ደግሞ ታቦት ሲወጣ ነው። እናት ነገሩን በዚሁ በኩል ሊረዱት ሞክረው ነበር። ከተራራው ሰሜን ፊት ላይ የተቀረጹትን ሦስት ፈረሰኞች ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«ጊዮርጊስ የትኛው ነው? መርቆሬዎስስ?»

ፈረሰኞቹ ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ሮበርት ሊና ስቶንዎል ጃክሰን ናቸው፤ ባርነት እንዳይቀር የተዋጋው ወገን መሪዎች። ቅርጹ ያለቀው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው።

«ቅዱሳን አይደሉም እማዬ። በጦርነት የተሸነፉ ናቸው።»

«ለተሸነፈ ይሄን ሁሉ ድንጋይ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው ምድብ መንገድ አወቅ ይባላል። «ስንት ቀረን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሱ ሲሆን፣ ዝርያው ብዙ ነው። «ትንሽ ናት» ባይ ገና ከመኪና ሲወርዱ ሥራ ይጀምራል። «ከዚያች ዛፍ ወዲያ» ባይ በጥድ ጫካ መካከል አንዲት ጥድ በጣቱ ያመለክታል። «ይኸው ደረስን» ባይ ውሃ ሲታይ ይነቃል፤ ሐይቁ ከአንድ በላይ መሆኑን ግን አያነሳም። ከሁሉም የረቀቀው «አሁንማ ከመመለስ መቀጠል ይሻላል» የሚለው ነው። በክብ መንገድ ላይ ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ከግማሽ በኋላ ነው፤ እሱ ግን ሩቡ ሳይጋመስ ይናገረዋል፣ የከፍተኛ ሊቃውንት ድፍረትም አለው። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው ጫካ ውስጥ እንደቀጠለ የሚያውቀው የጫካው ጌታ ብቻ ነው።

ይህን ውሸት ማለት ስሕተት ነው። አገር ቤት ባላገር መንገድ ሲጠየቅ በአገጩ ወዲያ እያሳየ «እቺው ናት» ይላል፤ እቺው ደግሞ የሦስት ሰዓት መንገድ ትሆናለች። እውነቱን ቢናገር ጠያቂው እዚያው ይቀመጣላ! ነገሩ ስንቅ እንደማቀበል ያለ ደግነት ነው። የመንገድ አወቅ ጠላት ስልኩን አውጥቶ «ሁለት ነጥብ ሰባት ማይል ቀርቶናል» የሚለው ነው። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ነክ ሥራ አለው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም አይጠራም።

ፎቶ አንሺዎችን፣ በየዳገቱ የቤት ወለድ የሚያነሱትንና ቆሎ የያዘውን ሰው ተጠግተው የሚሄዱትን ለየብቻ ለመመደብ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን የመኪና ማቆሚያው በዛፎቹ መካከል ሲታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ፣ አጥኚውም እግሩን አሞት ማስታወሻውን ዘጋ።

ለመሄድ ያሰበ አንባቢ፦ መኪና ሲገባ ይከፈላል። የመንገዱ ምልክት ዛፍ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ስለሚያቃጥል በማለዳ ይነሱ። እናትዎን ይዘው ከሆነ ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ለእሳቸው ይስጡ፤ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው።