ሚስማሩና የነፍሰ ጡሮቹ ወረፋ

አንኮበር የወረድኩት ሌት ማረፊያን ለማየት ነበር፤ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1876 ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች የሰጡትን፣ መሪያቸው ማርኬዝ አንቲኖሪ የተቀበረበትን ቦታ። አላየሁትም። ቁልቁለቱ ላይ የፈረስ ፋንድያ አልረግጥም ብዬ ስዘል የበሰበሰ ሳንቃ ላይ አረፍኩ። የዛገ ሚስማር ሸራ ጫማዬን በስቶ ገባ። ሚስማሩም ፋንድያ ቀምሷል።

መንገድ መሪዬ «እኔን ልጄ!» አሉና ከጋቢያቸው ሥር የደብረ ብርሃን አረቄ አወጡ። ግማሹን ቁስሌ ላይ አፈሰሱ፤ ግማሹን ለራሳቸው ድንጋጤ ጠጡት። ቀጥለው በመንጋጋ ቆልፍ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ይቆጥሩልኝ ጀመር።

የበሽታው ጀርም አፈርና ፋንድያ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከቆሰሉ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አፌን እየከፈትኩ እየዘጋሁ መንጋጋዬን ስፈትሽ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጥርሴን ያመመኝ መስሎት ቅርንፉድ ሰጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሌት ማረፊያ ዶክተር ራጋዚ የሚባል ኢጣሊያዊ ሐኪም ነበር። እሱ እጅ ብወድቅስ? ተመራማሪዎቹ ቤሪንግና ኪታሳቶ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ የሚያከሽፈውን ሴረም ያሳወቁት ገና እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። አረቄው ይሻል ነበር።

አንድ ጤና ጣቢያ ቁስሌን አጥበው ወደ ክትባት ክፍል ላኩኝ። ወረፋው በሙሉ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የታቀፈች እናት ነው። አንዷ «ባለቤትዎ ወዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ሚስማር ነው» አልኳት።

ሲስተሯ ከዚህ በፊት መከተቤን ጠየቀችኝ። የአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ቀድሜው ተወልጃለሁ። አጠገቤ የሚያለቅሱት ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የትክትክን፣ የዘጊ አናዳንና የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት አብረው ይወጋሉ። ሴቶች 5 ጊዜ ይከተባሉ። በዚህም የእናቶችና የጨቅላዎች መንጋጋ ቆልፍ በ2009 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ መወገዱ ተረጋገጠ። ወንዱን ግን ሚስማር ካልጠራው ማንም አይጠራውም። በብዙ አገር በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ እንደሚመከር የሚያውቅ ጎልማሳ በኔ ሠፈር አልገጠመኝም። ትክትክማ ጭራሽ ተረስቷል፤ ሌላ አገር አያቶች ሳይቀሩ ማጠናከሪያውን ይወጋሉ፣ የኛዎቹ እየሳሉ ሕፃን ይስማሉ።

ተወጋሁ። ሲስተሯ መዝገቧን ገልጣ «የእርግዝና ወር» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሆዴን አየችው።

«ሰረዝ አድርጊበት፣ ሲስተር።»

«እሺ ጋሼ። ሁለተኛው ከ4 ሳምንት፣ ሦስተኛው ከዚያ 6 ወር ቆይቶ ነው። ካርዱን እንዳይጥሉት።» ስሜን «የእናት ስም» ከሚለው ፊት ጻፈችው።

እያነከስኩ ስወጣ ያቺ ባለቤቴን የጠየቀችኝ ሴት ከወንበሯ ሳትነሳ «በሽልም ያውጣዎ!» አለችኝ።