አንድ እንጨት ይነዳል ወይ?

«አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» ሲባል ሳይሰማ ያደገ የጎጃም ልጅ የለም። ሽማግሌው ሦስት ሆኖ ይቀመጣል፣ ጉልቻው ሦስት ሆኖ ይቆማል፣ ማገዶውም ተደጋግፎ ይነዳል። ይህን ተረት ሊሽር የተነሣው ሞጣ ተወልዶ ስቶክሆልም የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ለገና ሲመጣ ከቸኮሌትና ከጃኬት ሌላ አንድ ዕውቀት ይዞልን መጣ፦ አንድ ግንድ ብቻውን ቆሞ ይነዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ደረቅ ጉማጅ ከላይም ከታችም ተስተካክሎ ይቆረጣል። የሞተር መጋዝ ያለው ሰው ከአናቱ ጀምሮ በመስቀለኛ ይሰነጥቀዋል፤ እግሩን ግን አይነካውም። እንደ እኛ መጥረቢያና ሽብልቅ ብቻ ያለው አራት ቦታ ይፈልጠውና መሀሉን ጣት በሚያስገባ ክፍተት ለይቶ፣ መልሶ አቁሞ በሽቦ ያስረዋል። ጭራሮና ቅርፊት ስንጥቁ ውስጥ ይጠቀጠቅና ከላይ ይለኮሳል። ፍሙ ወደ ታች ይወርዳል፣ አየሩ በጎን ይገባል፣ ነበልባሉ መሀሉን እንደ ጭስ ማውጫ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። እንጨቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ ማንም ሳይቆሰቁሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። አናቱ ጠፍጣፋ ነውና ጀበና ይጣድበታል። ይህን አልክድም፤ ያማረ ነገር ነው።

ሙከራው የተደረገው ቢቸና አጠገብ፣ አጎታችን አውድማ ላይ ነው። በታኅሣሥ የእነማይ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ክምር ጠባቂ ደግሞ እንቅልፍ አልተፈቀደለትም። የአክስቴ ልጅ የባሕር ዛፍ ጉማጁን አቁሞ፣ ክብሪት ከመጫሩ በፊት ታሪክ ማስተማር ጀመረ። በአውሮፓ ከ1618 እስከ 1648 በተደረገው የ30 ዓመት ጦርነት የስዊድን ወታደሮች ይሞቁት የነበረው ይህንን እሳት ነው ይባላል፣ አለ።

«30 ዓመት የፈጀባቸው ለካ እሳት ሲሞቁ ነው!» አሉ አጎቴ። ቀጠሉና «የበላይ ዘለቀ ሰው እንዲህ ያለ መብራት አቁሞ አያድርም፤ ጣሊያን ከሩቅ አይቶ ይለቅመው ነበር» አሉ። ቢቸና ላይ የበላይ ስም ከተነሣ ክርክሩ አልቋል፤ ስዊድን ይግባኝ የላትም።

ግንዱ ተለኮሰ፤ ነደደም። ባሕር ዛፍ ግን ሲነድ እየፈነዳ ፍንጣሪ ይረጫል።

«አንተ ልጅ፣ ከክምሬ አርቅልኝ!»

«እሽ ጋሼ።»

«አሁንም አርቀው!»

እንዲህ ሲራቅ ሲራቅ፣ እሳት የሚሞቅ ጤፍ የማይጠብቅበት፣ ጤፍ የሚጠብቅ እሳት የማይሞቅበት ቦታ ላይ አረፈ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ሞቆት ስለ ስቶክሆልም በረዶ ያወራል፤ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ክምሩ ሥር እንቀጠቀጣለሁ። ውሻው ብዙም ሳያመነታ ስዊድንን መረጠ።

ቆሞ የሚነድ እንጨትማ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ደመራ አለን። አዲስ አበባ መስከረም 16 ማታ፣ በአንዳንድ ሌላ ቦታ ደግሞ 17 ንጋት ላይ ይለኮሳል፤ የመሀሉ ምሰሶ በወደቀበት አቅጣጫም የዓመቱ ነገር ይነበባል። የስዊድኑ ግንድ ግን ወዴትም አልወደቀም፤ ባለበት ነዶ ነዶ እግሩ ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ይህንንም አልወደዱለት። «የማይወድቅ ደመራ ምን ይነግረኛል?»

የእሳቸው እሳት ሌላ ነው። ጉድጓድ ምሰው የወይራ ጉቶ ይቀብራሉ፣ በኩበት ፍም ይከቡታል፣ አመድ ያለብሱታል። አየር ስለሚያጥረው ቀስ እያለ ይበላል እንጂ አይንቦገቦግም፤ ፍንጣሪም የለው። እናቶቻችን ጠዋት ጎረቤት እሳት ላለመጫር ማታ ምድጃቸውን የሚያዳፍኑት በዚሁ ብልሃት ነው። ንጋት ላይ የስዊድኑ አመድ ሆኖ ሳለ የወይራው ረመጥ ገና ድንች ይጠብስ ነበር።

ተረቱም አልተሻረም። ሌላ ጉማጅ ሳንፈልጠው እንዳለ አቁመን ብንለኩሰው ጠቁሮ ቀረ እንጂ አልነደደም። የነደደው አራት ሆኖ ፊት ለፊት ሲተያይ፣ አንዱ ፍልጥ ሌላውን ሲያግል ነው። መሞከር የምትፈልጉ ደረቅ እንጨት ምረጡ፣ ከክምር አርቁት፣ ለጠባቂው ደግሞ ወፍራም ጋቢ ስጡት።