ደመወዝ ሲደርስ የሚደነግጠው ኮምፒውተር

የመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ዩኒክስ ኮምፒውተር ደንጋጣ ነው። ስሙን እያጠፋሁ አይደለም፤ ራሱ ነው የሚናገረው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ፓኒክ»፣ ማለትም ደነገጥኩ፣ ብሎ ይጽፍና፣ የማይነበብ ቁጥር ደርድሮ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ብትለማመጠውም ብትቆጣውም አይሰማም።

መደንገጡን በቻልነው ነበር። የሚደነግጠው ግን ደመወዝ በሚሠራበት ቀን ነው። ወሩን ሙሉ ጨዋ ሆኖ ይከርምና ፔይሮሉ ከተጀመረ ከሰዓት በኋላ ላይ ይወድቃል። ያውም ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዱን ወር ይምረናል፣ በሚቀጥለው ሁለቴ ይወድቃል። ለይቶለት የተበላሸ ዕቃ የተባረከ ነው። ይሄኛው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሳሉ የሚጠፋ በሽተኛ ሆነብኝ።

«ልጄ፣ ሲስተም የለም!» የገንዘብ ያዧ የእትዬ ድምፅ ኮሪደሩን ሰንጥቆ ይመጣል።

ይህ ጩኸት ከእኛ አልተጀመረም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲጀምሩ፣ መልቲክስ ከሚባል ትልቅና ጥንቁቅ ሥርዓት ተላቀው ነበር። የመልቲክሱ ቶም ቫን ቭሌክ እንደሚያስታውሰው፣ ከሚጽፈው ኮድ ግማሹ ከስህተት ማገገሚያ መሆኑን ለሪቺ ቢያጫውተው፣ ሪቺ «እኛ ያን ሁሉ ትተነዋል» የሚል መልስ ሰጠው። ስህተት ሲመጣ ፓኒክ ይጠራል፣ ማሽኑ ይወድቃል፣ አስነሡት ተብሎ ወደ ኮሪደሩ ይጮኻል። እትዬ ይህን ታሪክ ሳይሰሙ አንድም ሳያጓድሉ ይፈጽሙታል።

ቢሮው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ቫይረስ ነው አለ። ጥበቃው ቢታጠን አይጎዳውም አሉ። ሾፌራችን ደግሞ «ሞተሩ ሲግል ነው» ብሎ ሄደ፤ ሳቅኩበት።

እኔ የማምነው ኑዛዜውን ነው። ዩኒክስ ሊወድቅ ሲል ሚሞሪው ውስጥ ያለውን ዲስክ ላይ ገልብጦ ይተዋል። ሦስት ኑዛዜ አነበብኩ። አንዱ ዲስኩን ይከሳል፣ ሁለተኛው ኔትወርኩን፣ ሦስተኛው ምንም የማያውቅ ምስኪን ፕሮግራም። የሶፍትዌር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን አይለውጥም፤ እዚያው የለመደበት ቦታ ይወድቃል። በየችሎቱ ቃሉን የሚለዋውጥ ምስክር ሲገጥም የሚጠረጠረው ብረቱ ነው።

ከአራቱ የሚሞሪ ካርዶች ሁለቱን ነቅዬ ወር ጠበቅሁ። አልወደቀም። ይህ ግን ምን ማስረጃ ይሆናል? ቀድሞስ ይምረን አልነበር! መለስኳቸውና ሌላ ወር ጠበቅሁ። አሁንም ማረን። በወር አንድ ቀን ብቻ የሚታመም በሽተኛ ሲመረመር ሐኪሙ ጡረታ ይወጣል።

በዚህ መካከል የሰዓቱ ባትሪ ሞተ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ዩኒክስ ጊዜን መቁጠር ወደሚጀምርበት ቅጽበት ይመለሳል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ያን ሌሊት ከእኛ አንድም የተቀጠረ ሰው የለምና የሁላችንም ደመወዝ ዜሮ ሆኖ መጣ። ቢያንስ ፓኒክ አላለም፤ የደነገጥነው እኛ ነን።

የሚሞሪ ምርመራውን የምሠራው ጠዋት በብርዱ ነበር፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ይወጣል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መስኮቱን ዘግቼ ሞከርኩት። በስድስተኛው ዙር አንዲት ቢት፣ ዜሮ መሆን የነበረባት፣ አንድ ሆና ተገኘች። ለካ በሌላው ቀን ያቺ የሚሞሪ ጥግ ሥራ አይደርሳትም፤ ፔይሮሉ ሁሉን ሲሞላ፣ ያውም ክፍሉ ሲሞቅ ነው የምትስተው። ሾፌሩን ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።

ያቺ ቢት ያለችበትን ካርድ ነቅዬ የጠቆረውን የወርቅ ማገናኛ ጥርሱን በላጲስ ፈተግሁት፤ የልጄ ላጲስ ናት፣ እስካሁን አልመለስኩላትም። ምርመራውን በሙቀቱ ደገምኩ፤ ንጹሕ። ስምንት ወር ሆነው፣ አልወደቀም።

ለሾፌሩ ነገሩን ሳስረዳው «ያቺ ቢት ደመወዜ ላይ ብታርፍስ?» አለኝ።

«እንደ ቦታዋ ነው። 8192 ብር ልትጨምርልህ ትችላለች።»

ዝም ብሎ አየኝ። «ታዲያ አንተ ምን አገባህ፣» አለ፣ «በላጲስ የምታጠፋት?»